ሐምራዊቷ ባክቴሪያ ያጋለጠችው ብልቃጥ

ጡረታ የወጣሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ረቡዕ ጧት ኮምቦልቻ ነበርኩ።

ማንም አልጠራኝም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤቴ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ልብ ስል ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነው። እንደ ልማዴ መንገዱ ተጋምሶ አየሩ ሲሞቅ ጋቢዬን አውልቄ አጣጠፍኩ። ላቦራቶሪው በር ላይ ዘበኛው አየኝና፣ «ምን ረስተው ነው እትዬ?» አለኝ።  «ምንም» ብዬ በመጣሁበት ተመለስኩ። ዳቦውንም አልገዛሁም።

ይኼ ነገር ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ልጄ፣ «እማዬ፣ እግርሽ አላርፍ ካለ ተቀምጠሽ ጻፊው» አለችና ደብተር ገዛችልኝ። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ስሜ ይመኙሻል ነው፤ ሰው ሁሉ ግን እትዬ ይመኙ ይለኛል። የሥራ ዘመኔ ቢጠቃለል ዕቃ ማጠብና ባክቴሪያ መመገብ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት ደግሞ አንድ ቅዳሜ አለ፤ ሽንኩርት እየላጥኩም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ይመጣብኛል። ወደዚያ ቅዳሜ ለመድረስ ግን ከጋሽ ደምሴ መጀመር አለብኝ።

መንግሥት ሲለወጥ እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ፣ ሠራተኛው በየቦታው ተደለደለ፣ እኔንም ውሃ ምርመራ ላኩኝ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ዳር የነበረች የሁለት ክፍል ቤት ናት። ኃላፊውም ሠራተኛውም ጋሽ ደምሴ ብቻ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋዋናቸው ከጉልበታቸው በላይ የሚቀርባቸው ሰው ናቸው። የድልድል ደብዳቤዬን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣

«ዕቃ ማጠብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ሴት ነኝ እኮ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ሦስት ወር ሙሉ ዕቃ ብቻ አጠብኩ። የውሃ ናሙና የሚገባበትን ብልቃጥ በሳሙና፣ ቀጥሎ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ። ከዚያ ጋሽ ደምሴ ብልቃጡን ይቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። የመጨረሻው ውሃ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ ያዩታል። ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ከወረደ ዕቃው ጠርቷል ማለት ነው፤ በመሃል ተቀዶ ጠብታ ጠብታ ከሆነ ቅባት ቀርቶታል። ያን ጊዜ አይናገሩም፤ ብልቃጡን መልሰው እጄ ላይ ያስቀምጡታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ያጠብኳቸውን አርባ ብልቃጦች በሙሉ መለሱብኝ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ቀን አንድም አልመለሱም። በማግሥቱ ባክቴሪያ የምንጭርበትን የሽቦ እጀታ ሰጡኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስያሜ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ ቀለም ውሃ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። ሽቦውን እሳት ላይ እስኪቀላ ይይዙና እስኪበርድ በልባቸው ይቆጥራሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያልገባቸውን ነገር አይጥሉም። ክዳን ባላቸው ትንንሽ ሰሃኖች ላይ የምናበቅለው ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ቢጫ ነው። አንድ ቀን ከምንጭ ውሃ በመጣ ናሙና ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ እንደ ሐር የምታብለጨልጭ ነጠብጣብ በቀለች። እኔ ቀለም የፈሰሰበት መስሎኝ ልጥለው ነበር።

«ተይው» አሉኝ። «ሐምራዊት ናት። ከአፈር ነው የምትመጣው። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ግን አትንኪያት።»

ከዚያች ነጠብጣብ በሽቦ ጭረው ምግብ ባለበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ አስቀመጧት። በየወሩ ወደ አዲስ ቱቦ ያዛውሯታል። የደሴ ብርድ አይስማማትም፤ መብራት ሲጠፋ ቱቦዋን በሱፍ ሹራባቸው ጠቅልለው ቤታቸው ይወስዷታል። አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ያስቀምጧታል? ሪፖርት ላይ አትገባ።»

«ምን እንደምትችል ስለማላውቅ» አሉኝ።

ከሳቸው ጋር አሥራ ሦስት ዓመት ሠራሁ። አንድ ጊዜ አለቆች የሚመረቅ ምንጭ ነበርና «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ፈለጉ። ጋሽ ደምሴ ሦስት ጊዜ መርምረው ሦስቱንም ጊዜ «አይጠጣም» ብለው ጻፉ። እድገታቸው ያኔ ቀረ። ስለዚህ ነገር ከኔ ጋር አንድም ቀን አላወሩም፤ እኔ ግን ወረቀቱን በሰጡ ማግሥት ዕቃ ሲያጥቡ እጃቸው ከወትሮው ሲፈጥን አይቻለሁ። ጡረታ ሲወጡ የሐምራዊቷን ቱቦ ለእኔ ሰጡኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

ከዚያ የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ መጣ። ስብሰባ፣ ፎርም፣ እንደገና ስብሰባ። በአዲሱ መዋቅር ለእኔ የሚሆን መደብ ጠፋና ኮምቦልቻ አንድ ሰው የከፈተው ትንሽ የአፈርና የማዕድን መመርመሪያ ገባሁ። ባለቤቱ አቶ ፍሬው ይባላል፤ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ብቻ ሁሉም ነገር ትናንት እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ከደሴ መመላለሱን ወደድኩት። ወጥቶ መግባት ለኔ ዓይነቱ ሰው እፎይታ ነው።

እዚያ ሥራው ሌላ ነው። ሰው ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይመጣል፤ ወርቅ አለው የለውም ማወቅ ይፈልጋል። ድንጋዩን ፈጭተን፣ ጠንካራ አሲድ ውስጥ አፍልተን እናሟሟዋለን፤ ፈሳሹን ደግሞ በእሳት ነበልባል ውስጥ እየረጨ የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ቁጥሩን ይነግረናል። ብልቃጦቹን እኔ ነበርኩ የማጥባቸው፤ ጋሽ ደምሴ እንዳስተማሩኝ። በሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ፣ በተጣራ ውሃ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ። የሐምራዊቷንም ቱቦ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በየወሩ እመግባት ነበር። ማንም ስለሷ አልጠየቀኝም፤ ሐያት እስክትመጣ።

ሐያት የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር እየሠራች ነበር። አቶ ፍሬው መሣሪያውን በትርፍ ሰዓት እንድትጠቀም ፈቀደላት። ዓይኗን የሚያመልጠው ነገር የለም፤ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ቱቦዋን አየችና ከወንበሯ ተነሣች።

«እትዬ፣ ይቺን ከየት አመጧት?»

ነገርኳት። ቱቦውን ብርሃን ላይ ይዛ ቆየች።

«አራት ወር ሙሉ የቦርከና ወንዝን ዳር ስቆፍር ከረምኩ እኮ፣ እሷን ፍለጋ» አለችኝ።

እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። ወርቅን ከድንጋይ የሚያሟሟው ሳያናይድ የሚባል መርዝ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፣ በበርሜል ይጓጓዛል፤ ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ከብትም ሰውም አይተርፍም። በየጫካው ወርቅ የሚቆፍረው ሰው ደግሞ እሱንም አያገኝ፤ በሜርኩሪ ነው የሚሠራው። ሐምራዊቷ ባክቴሪያ ግን ግላይሲን የሚባል ነጭ ዱቄት ስትመገብ ያንኑ ሳያናይድ በጥቂቱ ራሷ ትሠራዋለች። ወርቁን የሚያሟሟውን ያህል ትሰጣለች፣ ስትጨርስ ደግሞ የቀረውን ራሷ ታፈርሰዋለች። በርሜል የለም፣ መኪና የለም። የሐያት ሐሳብ ይኼ ነበር። እኔ ስሰማው ጋሽ ደምሴ ትዝ አሉኝ፤ ምን እንደምትችል ታወቀ ማለት ነው ብዬ።

ድንጋዩን የሰጠን ሰይድ ነው። ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ያለችው የሐርቡ ከተማ ሰው ነው፤ በጋውን ምዕራብ ወርዶ ይቆፍራል፣ ክረምቱን አገሩ ይገባል። ድንጋዩን በጭነት መኪና አምጥቶ ግቢው ውስጥ እየፈጨ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ ናሙና ይዞልን ሲመጣ ሻይ ጋበዝኩት። ብርጭቆውን በአንድ እጁ ማንሣት አልቻለም። በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ብርድ ነው?» አልኩት።

«ኮምቦልቻ ምን ብርድ አለ እትዬ» አለኝ። «ሁለት ዓመት ሆነው፤ እጄ እንዲህ ይላል።»

ሐያት እያየችው ነበር። «ሜርኩሪውን የምታቃጥለው የት ነው?» አለችው።

«እቤት፣ ከሰል ላይ። ውጭማ ሰው ያያል።»

ሜርኩሪ የደቀቀውን ወርቅ ይዞ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ሲያቃጥሉት ሜርኩሪው በኖ ወርቁ ይቀራል። የበነነው ነገር የት እንደሚሄድ ሐያት ነገረችው። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ሚስቱ ዘሐራ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሥራውን ጀመርን። ያን ሰሞን እረፍት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ባክቴሪያዋን ሾርባ በምንለው ግላይሲን ባለበት ፈሳሽ ምግብ፣ መጀመሪያ በትንሽ ዕቃ፣ ቀጥሎ በትልቁ እናሳድጋታለን። የእናት ብብት የሚያህል ሙቀት ነው የምትፈልገው፤ መብራት ሲጠፋ ፍል ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን ዙሪያዋን እንደረድራለን። ሾርባው በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ ይሆናል። ያን ጊዜ የተፈጨውን ድንጋይ እንጨምራለን። አሲድ እንዳይነካት እንጠነቀቃለን፤ ከነካት መርዙ ወደ አየር ይወጣል። መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ነው። በአንድ በኩል ድንጋይና ባክቴሪያ ያለባቸው ብልቃጦች፣ በሌላ በኩል ድንጋይ ብቻ ያለባቸው፣ ለማመዛዘን።

በአሥረኛው ቀን ፈሳሹን ለካን። ድንጋይ ብቻ ባለባቸው ብልቃጦች ወርቅ የለም። ባክቴሪያ ባለባቸው አለ። ሐያት ሦስት ጊዜ አስለካችኝ። ሦስቱም ጊዜ አለ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እኔም ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የታጠበውን ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

አቶ ፍሬው ሙከራው ተሳካ ብሎ ለሚመለከታቸው ሁሉ ደብዳቤ ጻፈ። ሰይድ ሲሰማ በማግሥቱ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሜርኩሪው ነው።

«ይያዙልኝ እትዬ» አለኝ። «እቤት ካለ እጄ አያርፍም። ጓደኞቼንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ስድስት ነን። ድንጋያችንን ሳንነካ እንጠብቃለን።»

«ቶሎ ላይደርስ ይችላል» አለችው ሐያት።

«አብሽሪ። የጠበቀ ይደርሳል። ወላሂ፣ ልጁ ሳይወለድ ያን ጭስ ከቤቴ ማውጣት ነበር የምፈልገው።»

ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አራት ወር አለፈ። ሐያት ሙከራውን እየደጋገመች፣ ቁጥሩም ከፍ ዝቅ እያለ፣ ግን ወርቅ አለ። ዘሐራ ወንድ ልጅ ወለደች።

አሁን ያ ቅዳሜ።

ሐያት ለጽሑፏ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ሥራ የለም፤ እቤት መዋል ግን አልሆነልኝም። ወረድኩ። ባክቴሪያዋን መገብኩ፣ ወለል ጠረግኩ፣ ዕቃ አጠብኩ። አሁንም እጄ አላርፍ አለ። መለኪያው መሣሪያ ለአስቸኳይ ሥራ ሌሊቱን ሲለካ አድሮ ገና እንደ ሞቀ ነበር። መስኮቱ ሥር ደግሞ ለዘር ያስቀመጥኳት ባክቴሪያ አለች፤ ድንጋይ ያልገባባት፣ ሾርባና እሷ ብቻ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ከእሷ ትንሽ ቀድቼ ለካሁት።

«ወርቅ አለ» አለ መሣሪያው።

የተሳሳትኩ መስሎኝ ቧንቧውን አጥቤ ደገምኩት። አለ። ሌላ ብልቃጥ አመጣሁ፤ እሱም ውስጥ ሾርባና ባክቴሪያ ብቻ ነው ያለው። አለ። ድንጋይ ከሌለ ወርቁ ከየት መጣ? ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ገባሁ። ከዚያ ብልቃጡን ደፍቼ ሥሩን አየሁት። ድንጋይ በአሲድ ስናፈላባቸው ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ በሞረድ የጫርኩበት ምልክት አለው። እኔ ነኝ ለሐያት ሥራ መርጬ የሰጠኋት፤ ጠንካሮች ናቸው ብዬ።

ባዶ የታጠበ ብልቃጥ ወሰድኩ። ወደ መስኮቱ አነሣሁት። ውሃው እንደ ሻሽ ወረደ፣ አልተቀደደም። ጋሽ ደምሴ ቢያዩት አይመልሱትም ነበር። ከዚያ ጠንካራ አሲድ ጨምሬ ነቅንቄ ያንን አሲድ ለካሁት።

ወርቅ።

በዓመታት ውስጥ ያፈላነው የሰው ሁሉ ድንጋይ ከመስታወቱ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ወርቅ ትቶ ነበር። ውሃ አያነሣውም፣ ሳሙናም አያነሣውም። የጋሽ ደምሴ አጠባ ለባክቴሪያ ምርመራ ነው፤ ለቅባት እንጂ ለወርቅ አይሆንም። እኔ ይኼን አልጠየቅኩም። ባክቴሪያዋ ግን ሳያናይዷን ሠርታ መስታወቱን ላሰችው። እኔ ያላጠብኩትን እሷ አጠበችልኝ፣ እኛም የሰይድ ወርቅ ነው አልን።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ክፉ ነው፤ ልጻፈው። ማንም አላየኝም አልኩ። አሲዱን ልደፋው፣ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃውን በአሲድ ላጥበው፣ ቁጥሩ ቢወርድ «ባክቴሪያዋ ደክማ ነው» ይባላል። ይኼንን እያሰብኩ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። ስነሣ የቀዳኋቸውን ሁሉ በእርሳስ ስያሜ ጽፌ ደረደርኳቸው። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ሐያት ሰኞ መጣች። ተርታውን አሳየኋት። አንድ በአንድ አነበበች።

«ማን ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔና አንቺ።»

«ጽሑፌን ላስገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

ወጣች። ግቢው ውስጥ ስትዞር በመስኮቱ አየኋት፤ አንዴ ቆማ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። እኔን ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«ባክቴሪያና ሾርባ ብቻ ያለበት ብልቃጥ ከመጀመሪያው ማስቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። «ለሰይድ ማን ይነግረዋል?»

«እኔ።»

ሐርቡ ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰይድ ግቢው ውስጥ ከረጢቶቹን እያገላበጠ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ኸይር ነው እትዬ? ደረሰ?»

«ሰይድ፣ ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ሐቁን ይንገሩኝ። ድንጋዬ ወርቅ የለውም?»

«አለው። እኛ ያየነው ግን ያንተን ወርቅ አይደለም።»

«የማንን ነው?»

«ቀደም ብሎ በዚያው ዕቃ የተመረመረ የሌላ ሰው ድንጋይ ያስቀረውን ነው። አጥቤዋለሁ ብዬ ነበር። አልጠራም።»

 ከረጢቶቹን አየ፣ እኔን አየ።

«አራት ወር» አለ። «ስድስት ሰው፣ ልጆች ያሉት ሰው፣ አራት ወር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በእርስዎ ዕቃ አጠባ?»

«አዎ።»

 ዘሐራ ልጇን አዝላ ከቤት ወጣችና፣ «ውሃ ይጠጡ፤ በፀሐይ ነው የመጡት» ብላ ጣሳ ሰጠችኝ። ሰይድ ፊቱን አዞረ። «ይጠጡና ይሂዱ» አለ። ጠጥቼ ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ሜርኩሪውን ሊወስድ መጣ። አቶ ፍሬው «ዕቃው የሱ ነው፣ ስጪው» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ቁልፉን ይዤ አራት ቀን እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ሰይድ ተቆጣ፤ ቢሆንም ጠበቀ። በአራቱ ቀን ኮምቦልቻ አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ተተከልኩ። ሐያት በወረቀት የሣለችልኝን አሠራሁ። የብረት ጽዋ፣ በብሎን የሚጠብቅ ክዳን፣ ከክዳኑ የሚወጣ ጎባጣ ቧንቧ፤ የቧንቧው ጫፍ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሜርኩሪው ሲበን አየር ላይ አይወጣም፤ በቧንቧው ሄዶ ውሃው ውስጥ ተመልሶ ይጠራቀማል። ብየዳው ሁለት ጊዜ አፈሰሰና ሁለት ጊዜ አስፈታሁት።

ጠርሙሱንም ጽዋውንም አብሬ ሰጠሁት። ግቢያችን ውስጥ፣ ነፋሱን ከኋላችን አድርገን አሳየሁት። ብሎኑን ማጥበቅ ሲያቅተው እጁን በእጄ ይዤ አጠበቅን። አላመሰገነኝም። ነገር ግን ከወር በኋላ አንደኛው ጓደኛው መጥቶ «ለእኔም እንደ ሰይድ ያለ ጽዋ ያሠሩልኝ» አለኝ። ሰይድ በጽዋው እየሠራ መሆኑን በዚያ አወቅኩ።

ሐያት ጽሑፏን አላስገባችም። አዲስ ብልቃጥ ገዝተን ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ደገምነው። እያንዳንዱን ዕቃ በአሲድ፣ ከዚያ አሲዱን ራሱን ለክቼ ባዶ መሆኑን ሳላይ አልሰጣትም። ወርቅ ወጣ፤ ግን ከቁጥር የማይገባ ጥቂት። የሰይድ ድንጋይ ወርቁን ድኝ ባለበት ማዕድን ውስጥ ቆልፎ ይዞታል፤ ባክቴሪያዋ አትደርስበትም። ሐያት ይኼንኑ ጻፈች፤ ስለ ብልቃጦቹም ሙሉ ምዕራፍ ጻፈች። አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። አዲስ አበባ የማስተማር ሥራ አገኘችና ከሐምራዊቷ ሁለት ቱቦ ይዛ ሄደች። አቶ ፍሬው ባክቴሪያ የሚባል ነገር በግቢው እንዳይነሣ አለ። እኔ ለቀሩት ዓመታት የሰው ድንጋይ በአሲድ አፈላሁ። በየቀኑ፣ ያጠብኩትን እንደገና እያጠብኩ።

ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት።

«እትዬ፣ ተቀመጡ» አለችኝ።

እኔ እንደ ሰይድ፣ «ቆሜ እሰማለሁ» አልኩ።

የሰይድን ድንጋይ አንድ ከረጢት ይዛ ነበር የሄደችው። አሁን መጀመሪያ ድኝ የምትበላ ሌላ ባክቴሪያ ትለቅበታለች፤ እሷ ቁልፉን ትከፍታለች። ከዚያ ሐያት ድንጋዩን አጥባ፣ ያቺ ባክቴሪያ የፈጠረችውን አሲድ አስወግዳ ሐምራዊቷን ታስገባለች። ወርቁ ወጣ አለች። ብዙ ነው አለች።

በማግሥቱ ሐርቡ ወረድኩ። ሰይድ ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ሸምግሏል። ልጁ ግቢው ውስጥ ይሯሯጣል። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ወንበር አወጣልኝ። የሐያትን ነገር ነገርኩት። 

«እርስዎ በእጅዎ ሠርተውታል?» አለኝ።

«የለም። ሐያት ናት የነገረችኝ።»

«ዕቃውን ማን አጠበው?»

«አላውቅም።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። መንቀጥቀጡ ቀንሷል፣ አልቆመም። «እትዬ፣ ያኔ ተቆጥቼ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ በዚህ ፀሐይ መጥቶ ጥፋቴ ነው ያለኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ በዓይንዎ አይተው ይንገሩኝ። ከዚያ አምናለሁ።»

ልጄ «በዚህ ዕድሜሽ?» እያለች ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ። አዲስ አበባ ሐያት ዘንድ ሁለት ወር ቆየሁ። ተማሪዎቿን ከዕቃ ማጠቢያው ገንዳ አባረርኳቸውና ብልቃጦቹን በሙሉ እኔ አጠብኩ። ድንጋይ ብቻ፣ ባክቴሪያ ብቻ፣ ሁለቱም በአንድነት፣ ምንም የሌለበት ባዶ፤ ሁሉን ደረደርን። ሌሎቹ ሁሉ ባዶ ነበሩ። ሁለቱ አብረው ባሉበት ወርቅ አለ። ሐያት ብዙ ነው ብትልም ብዙ አይደለም፤ ሜርኩሪ ከሚያወጣው ግማሹን ቢሞላ ነው። ጊዜም ይፈጃል፣ ሳምንታት። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ከዚያ ለሰይድ ደወልኩለት። ግማሽ መሆኑን፣ ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ሐርቡ ሙቀት ስላለ ሊቀል እንደሚችል፣ ላይቀልም እንደሚችል፣ ሁሉን ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም።

በስልኩ ውስጥ ልጁ ከሩቅ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እርስዎ ነዎት ያጠቡት?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ይመጣሉ?» አለኝ።

የሐምራዊቷንና ድኝ የምትበላዋን ሁለት ቱቦዎች በሹራቤ ጠቅልዬ ሻንጣዬ አናት ላይ አስቀምጫቸው ነበር። «ነገ» አልኩት።